ፕሌን ላይ ጥርስ ለሚያማችሁ፦ ከጅማ ከመነሳታችሁ በፊትና በረራ ላይ ምን ታደርጋላችሁ

ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሰራ ይቺ ጥያቄ አትጠፋም። ሰው ይመጣና "ነገ በረራ አለኝ፣ ባለፈው ፕሌን ላይ ጥርሴ ሊገለኝ ነበር፣ መሬት ስንነካ ግን ለቀቀኝ፣ እስቲ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጠኝ" ይለኛል። ማስታገሻ መስጠት ቀላል ነው፣ ግን ማስታገሻው ብቻውን የማይሰራበት ምክንያት አለው፣ እሱን ደግሞ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ሰው ማስረዳት አልቻልኩም፣ ከኋላ ሰልፍ አለ። ስለዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት፣ ለሚጓዝ ሰው ላኩለት።

መጀመሪያ ይሄ ይያዝልኝ፦ ጤነኛ ጥርስ ፕሌን ላይ አያምም። ጤነኛ ጥርስ ውስጥ የታፈነ አየር የለም። የተቦረቦረ ጥርስ፣ ስሩ የላላ ሙሌት፣ የተሰነጠቀ የመንጋጋ ጥርስ፣ ተጀምሮ ያላለቀ የጥርስ ነርቭ ህክምና፣ ወይ ስሩ ላይ መግል የቋጠረ ጥርስ ግን ውስጡ አየር ይይዛል። ያ አየር ዙሪያው ያለው ግፊት ሲቀንስ ይለጠጣል፣ ሲጨምር ይሰበሰባል፣ ያበጠው ነርቭ ደግሞ ሁለቱንም አይችልም። ባዶ ሃይላንድ አዲስ አበባ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዱባይ ስትደርሱ ጭምድድ ብሎ አይታችሁት ከሆነ፣ እሱ ነው ነገሩ። ስለዚህ ፕሌኑ ጥርሳችሁን አላሳመመውም፣ ታሞ የተደበቀውን ነው ያወጣው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ ከነማሸጊያው
- አይቡፕሮፊን 400 ሚሊግራም (ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ታች ተራ 5 ላይ አንብቡ)
- ጉንፋን ወይም ሳይነስ (ከአፍንጫ ጎን ጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለው አየር የሚይዝ ክፍት ቦታ ሲያብጥ) ካለባችሁ አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ፣ ዛይሎሜታዞሊን ያለበት
- ጨው፣ ብርጭቆ፣ ለብ ያለ ውሃ
- ጥቂት ፍሬ ቅርንፉድ እና ንፁህ ጥጥ
- ለስላሳ ብሩሽ እና የጥርስ ክር
- የራጁ ፎቶ ስልካችሁ ላይ፣ ሀኪሙ የጻፈላችሁ ወረቀት ካለም እሱ
- ትንሽ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት፣ እና መስታወት

ቀድማችሁ የምታነቡት ማስጠንቀቂያ

ከነዚህ አንዱ ካለባችሁ ይሄ ጽሁፍ ለእናንተ አይደለም፣ ትኬቱን አስቀይሩና ሆስፒታል ሂዱ፦ ጉንጭ ወይ አገጭ ስር ማበጥ፣ እብጠቱ ወደ አይን ወይ ወደ አንገት መሄድ፣ ትኩሳት፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ ምራቅ መዋጥ መቸገር፣ ምላስ ስር ማበጥ። የጥርስ መግል ወደ አንገት ከወረደ የመተንፈሻ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ያ ደግሞ ሰማይ ላይ ማንም አይረዳችሁም።

ሌላው፣ መንጋጋ ላይ የሚሰማ ህመም ሁሉ የጥርስ አይደለም። ግራ አገጭ ወይ መንጋጋ አካባቢ ህመም፣ ከሱ ጋር ደረት መጨነቅ፣ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር ካለ የልብ ሊሆን ስለሚችል ፕሌን ላይም ብትሆኑ ወዲያው ሆስተሷን ጥሩ፣ "ጥርሴ ነው ያልፋል" ብላችሁ አትቀመጡ።

ተራ 1፦ መቼ እንዳመማችሁ አስታውሱ

ይሄ ተራ ቀላል ይመስላል ግን ሀኪሙ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው መረጃ ነው፣ ምክንያቱም ህመሙ የመጣበት ሰአት የቱ ቦታ እንደታመመ ይጠቁማል። ወረቀት ላይ ይሄን ጻፉ፦ ግፊቱ ሲቀንስ ነው ያመማችሁ ወይስ ሲጨምር ወይስ በሁለቱም፣ የሚወጋ ነበር ወይስ የሚነዝር፣ የቱ ጥርስ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ስንት ሰአት ቆየ።

በጥቅሉ እንዲህ ነው። ግፊት ሲቀንስ ድንገት ወግቶ የሚለቅ ወይ የሚነዝር ከሆነ ብዙ ጊዜ ነርቩ በህይወት አለ ግን አብጧል። ግፊት ሲጨምር፣ ማለትም ስትወርዱ፣ ድብን ያለ የሚነዝር ህመም ከሆነ ነርቩ የሞተ ጥርስ ወይም ሳይነስ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም አቅጣጫ አሞ ከወረዳችሁ በኋላም አልለቅ ካለ ስሩ ጫፍ ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ እሱ አይቆይም፣ ቶሎ መታየት አለበት።

አሁን የኛ አገር ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። "ፕሌኑ ሲነሳ" እና "ግፊት ሲቀንስ" አንድ አይደሉም። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ የፕሌን ውስጥ ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከባህር ጠለል 2438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ ነው የሚያዘው። ቦሌ ደግሞ ራሱ 2334 ሜትር ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከቦሌ ስትነሱ ፕሌኑ 10000 ሜትር ቢወጣ እንኳን ውስጡ ያለው ግፊት ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም። ድሪምላይነር ወይም ኤርባስ ኤ350 የሚባሉት ፕሌኖች ከሆኑማ የውስጡ ግፊት 1830 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለው ስለሚያዝ ከቦሌ ተነስታችሁ እየወጣችሁ ጆሯችሁ እየወረዳችሁ ያለ ያህል ሊሰማው ይችላል። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት ስትወርዱ ነው፣ ባህር ዳርቻ ስለሆኑ። እዛ ጥርስ ውስጥ የታፈነው አየር ሩብ ያህል ይሰበሰባል። ስትመለሱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ከዱባይ ስትነሱ አየሩ አንድ ሶስተኛ ያህል ሊለጠጥ ይችላል፣ ህመሙም በመነሻው ላይ ነው የሚመጣው፣ ቦሌ ስታርፉ ግን ብዙ ላይሰማችሁ ይችላል።

ጅማ አዲስ አበባ ሲሆንስ? ጅማ ወደ 1700 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ለውጡ ትንሽ ነው፣ አየሩ የሚለጠጠው ወደ 10 በመቶ ቢሆን ነው። በዚች አጭር በረራ ጥርሳችሁን ክፉኛ ካመማችሁ ጅዳ ስትወርዱ ምን እንደሚጠብቃችሁ እናንተው አስቡት። አሁን ሂዱና ታከሙ።

በነገራችን ላይ "እንግዲያው በመኪና እሄዳለሁ" የሚሉ አሉ። በመኪና ስትሄዱ ከሶኮሩ በኋላ ግቤ ሸለቆ ትወርዳላችሁ፣ ድልድዩ አካባቢ ወደ 1100 ሜትር ነው፣ ከዛ ወልቂጤን አልፋችሁ አዲስ አበባ 2300 በላይ ትወጣላችሁ። የግፊቱ ልዩነት እንደውም ከፕሌኑ ይበልጣል! ግን ቀስ እያለ ሰአታት ስለሚወስድ አየሩ ለመግባትና ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው የማይሰማው። ግቤ ጋ ስትወርዱ አንድ ጥርስ ወይ ጉንጭ ላይ ድብን ያለ ነገር ከተሰማችሁ ግን እሱን ከፕሌን በፊት የመጣ ማስጠንቀቂያ አድርጋችሁ ያዙት።

ተራ 2፦ ቤት ውስጥ የቱ ጥርስ እንደሆነ ለዩ

ይሄ የሀኪም ምርመራ አይተካም፣ ግን "እዚህ አካባቢ ነው" ከማለት "ከላይ በስተቀኝ ከመጨረሻው ሁለተኛው ነው" ማለት ወንበሩ ላይ የምትቆዩበትን ጊዜ ያሳጥራል። ከበረራው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ አድርጉት፣ የታመመ ነገር ከተገኘ ለማከም ጊዜ እንዲኖር።

ሀ. በመስታወትና በስልክ መብራት እዩ። ጥቁር ቀዳዳ፣ የወደቀ ሙሌት፣ ስንጥቅ፣ ድድ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ፈልጉ። ድድ ላይ ያለች ትንሽ ብጉር ባታምም እንኳን ችላ አትበሏት፣ ከስር የሚመጣ መግል የሚወጣባት በር ልትሆን ትችላለች።

ለ. በማንኪያ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጋችሁ ኳ ኳ አድርጉ፣ ከጤነኛው ጀምሩ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ ካመመ ስሩ ዙሪያ ተቆጥቷል ማለት ነው።

ሐ. ቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥመጡ። ቅዝቃዜው ሲጠፋ ህመሙም ወዲያው ከጠፋ ነርቩ ሊድን ይችላል፣ ከ30 ሰከንድ በላይ እየነዘረ ከቆየ ግን ሙሌት ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ምንም ስሜት የሌለው ሆኖ ሲያኝኩበት የሚያም ጥርስ ካለ ደግሞ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ንገሩ።

መ. የተጠቀለለ ጥጥ ወይም ንፁህ ጨርቅ በአንድ ጥርስ ነክሳችሁ ልቀቁ። ስትለቁ ጭው ካለ ስንጥቅ ይጠረጠራል። ቆሎ የሚወድ ሰው ይቺን ፈተና አይዝለላት፣ የመንጋጋ ጥርስ ቆሎ ሲታኘክ ሲሰነጠቅ ሰው ራሱ አያስተውለውም።

ሠ. ቁጭ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ጉልበታችሁ ዝቅ አድርጉ። የላይኛው ረድፍ የኋላ ጥርሶች ሁሉም አንድ ላይ ከከበዷችሁ፣ አፍንጫችሁም የተዘጋ ከሆነ፣ ምናልባት ጥርስ ሳይሆን ሳይነስ ነው። የላይ መንጋጋዎች ስር ከሳይነሱ ወለል ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ሳይነስ ሲያብጥ ጥርስ የታመመ ነው የሚመስለው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ጤነኛ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው አጋጥሞኛል፣ አትቸኩሉ።

ተራ 3፦ የጥርስ ሀኪም ጋ ሂዱና "በረራ አለኝ" በሉ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የጥርስ ክፍል አለው፣ ከተማ ውስጥም የግል ክሊኒኮች አሉ። የትም ሂዱ ግን ሁለት ነገር ሳትናገሩ እንዳትወጡ፦ የበረራውን ቀንና ተራ 1 ላይ የጻፋችሁትን። ሀኪሙ የበረራውን ቀን ካላወቀ ህክምናውን በተለመደው ቀጠሮ ይከፋፍልላችሁና ግማሹ ላይ ትኬታችሁ ይደርሳል።

ራጅ ይነሳ ብላችሁ ጠይቁ። ሙሌት ከላይ ሲታይ ደህና መስሎ ከስሩ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ ስር ጫፍ ላይ ያለ ነገር ደግሞ በአይን አይታይም።

የነርቭ ህክምና ከተጀመረላችሁ ወይ አስጨርሱት ወይ ሀኪሙ በጊዜያዊ ሙሌት በደንብ እንዲዘጋው ጠይቁ። በጥጥ ብቻ ተደፍኖ ወይም ላልቶ የተዘጋ ጥርስ ይዞ መብረር ነው በብዛት ሰው የሚሰቃይበት። ጊዜያዊ ሙሌት ደግሞ ስሙ ራሱ ጊዜያዊ ነው፣ ለሁለት አመት ኮንትራት ልትሄዱ ከሆነ እዛ ሄጄ አስጨርሳለሁ አትበሉ፣ እዛ የጥርስ ህክምና ውድ ነው፣ ቀጣሪ ደግሞ ቶሎ ላይወስዳችሁ ይችላል። እዚሁ ጨርሱት።

ተራ 4፦ ከህክምና በኋላ ስንት ቀን ጠብቁ

ማደንዘዣ የተወጋችሁበት ቀላል ሙሌት ከሆነ ቢያንስ 24 ሰአት። ጥርስ ከተነቀለ ወይ ድድ ተከፍቶ ከተሰራ በአብዛኛው 7 ቀን ይመከራል። የላይ መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎ ወደ ሳይነስ ቀዳዳ ከተከፈተ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ እሱንም ሀኪሙ አይቶ ሲፈቅድ ብቻ።

ለምን? የተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም ነው ቁስሉን የሚሸፍነው። በተነቀለ በ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ገደማ ያ የረጋ ደም ከወደቀ አጥንቱ ይጋለጣል፣ ህመሙም ከመጀመሪያው የጥርስ ህመም ይብሳል፣ እናንተ ደግሞ ያኔ ሰው አገር ናችሁ። ስለዚህ "ዛሬ ልንቀለውና ነገ ልብረር" የሚባለው ነገር ይቅር።

የላይ መንጋጋ የተነቀለላችሁ፦ አፍንጫ በሀይል አትናፈጡ፣ በስትሮው አትጠጡ፣ አፍንጫ ይዛችሁ ጆሮ ለመክፈት አትንፉ። ግፊቱ ቁስሉን ወደ ሳይነስ ሊቀደው ይችላል።

ተራ 5፦ መድሀኒቱን በሰአቱ ውሰዱ

ጊዜ አጥታችሁ ሳትታከሙ የምትበሩ ከሆነ ቢያንስ ይቺን በትክክል አድርጓት። ማስታገሻ የሚውጠው ሰው አብዛኛው ህመሙ ከጀመረ በኋላ ነው የሚውጠው፣ ፓራሲታሞል ግን ለመስራት ከግማሽ ሰአት እስከ 1 ሰአት ይፈልጋል፣ መውረዱ ደግሞ ግማሽ ሰአት ገደማ ነው የሚፈጀው። እስኪሰራ ፕሌኑ አርፏል።

- ከጅማ አዲስ አበባ፦ በረራው ከ1 ሰአት አይበልጥም፣ ኤርፖርት ፍተሻ ስትገቡ ውሰዱ።
- ከአዲስ አበባ ወደ ባህር ዳርቻ አገር፦ ስትነሱ ሳይሆን ከማረፉ 1 ሰአት ተኩል ገደማ ሲቀረው ውሰዱ፣ ለውጡ ያለው እዛ ነው። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ፣ እንቅልፍ ይወስዳችኋል።
- ስትመለሱ፦ ከመነሳቱ 1 ሰአት በፊት።

መጠኑ ለአዋቂ፦ ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ ባለ 500፣ ከ4 እስከ 6 ሰአት ልዩነት፣ በ24 ሰአት ከ8 ፍሬ በላይ አይሆንም። የጉንፋን መድሀኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርባችሁ እንዳታልፉት፣ ጉበት ላይ ነው የሚመጣው። አይቡፕሮፊን 1 ፍሬ ባለ 400 ምግብ በልታችሁ፣ በቀን ከ3 አይበልጥም። ለጥርስ እብጠት አይቡፕሮፊን ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ግን ጨጓራ ቁስለት፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን የሚወስድ እና እርጉዝ የሆነች ሴት ሀኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱት። ጾም ይዛችሁ ከሆነ በባዶ ሆድ አይቡፕሮፊን የለም፣ ፓራሲታሞል ይሁን።

ለልጅ በክብደት ስለሚሰላ እዚህ አልጽፍም፣ ልጁን መዝናችሁ ፋርማሲ ጠይቁ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

የሳይነስ ከሆነ ስፕሬዩን መውረድ ከመጀመሩ ግማሽ ሰአት በፊት በሁለቱም አፍንጫ። የሳይነሱን በር ያበጠው ስጋ ስለዘጋው አየር መግባት አልቻለም፣ ስፕሬዩ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ከ5 ቀን በላይ አትጠቀሙት፣ አፍንጫው ጭራሽ ይዘጋል። ደም ግፊት ያለባችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። በክረምት ጉንፋኑ ሲበዛ የሚበር ሰው ይቺን ይያዝ።

ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ ትራማዶል ወይም ኮዴን (ጠንካራ ማስታገሻዎች) ያለበት መድሀኒት ጎረቤት ሰጠኝ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ሳኡዲና ኤምሬትስ ውስጥ ቁጥጥር ያለባቸው መድሀኒቶች ናቸው፣ ያለ ህጋዊ ወረቀት ከተገኘባችሁ የጥርሱን ህመም የሚያስረሳ ጣጣ ነው። ሌላውንም መድሀኒት ቢሆን ከማሸጊያው አውጥታችሁ በላስቲክ አትቋጥሩ።

ተራ 6፦ የዋዜማው ማታና ጠዋቱ

በብሩሽና በክር አፅዱ፣ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ምግብ ራሱ ይጫናል። ከዛ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ፣ መዋጥ የለም። ስንጥር እንጨት ቀዳዳ ውስጥ አትክተቱ፣ ሙሌት ያነሳል፣ ድድ ይወጋል።

ቆሎ፣ ጠንካራ ነገር፣ ማስቲካና ከረሜላ በታመመው በኩል አይታኘክ። ጫትም ዋዜማውን ይቅር፣ ለሰአታት በአንድ ጉንጭ መያዙና መታኘኩ የታመመውን ጥርስና ድድ ያስቆጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ከጎኑ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ የተቦረቦረው ውስጥ ነው የሚገባው። (ለዱባይና ለጅዳ ተጓዥ ኪስ ውስጥ የቀረች ቅጠል እንኳን አደጋ ናት፣ ኪሳችሁን አራግፉ።)

ተራ 7፦ ፕሌን ላይ

ትኩስ ቡና ፕሌን ላይ ይቅርባችሁ። ጅማ ተወልዶ ቡና ይቅር ማለት ይከብዳል አውቃለሁ፣ ግን ያበጠ ነርቭ ሙቀት ሲነካው ይብሳል፣ በረዶ የገባበት ለስላሳም እንደዛው። መካከለኛ ውሃ ጠጡ። ቢራና ወይን ከማስታገሻ ጋር አይሆንም።

መውረድ ሲጀምር አትተኙ። ምራቅ ዋጡ፣ አዛጉ፣ በጤነኛው በኩል አኝኩ። ሳይነስ ወይ ጆሮ ከሆነ አፍንጫችሁን ያዙና አፋችሁን ዘግታችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ንፉ፣ በሀይል አይደለም፣ የላይ ጥርስ በቅርብ የተነቀለላችሁ ግን ይሄን አታድርጉ ብያለሁ።

ህመሙ ከመጣ ጉንጭ ላይ ከውጭ በኩል ቀዝቃዛ ነገር ያዙ፣ ሆስተሷን በረዶ በናፕኪን ጠይቁ። አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ከጥርሱ አጠገብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንከሱ፣ ውስጡ ያለው ዘይት ትንሽ ያደነዝዛል። የተጨመቀ የቅርንፉድ ዘይት ከሆነ በጥጥ ጫፍ ጥርሱን ብቻ፣ ድድ ከነካ ያቃጥላል። ለህፃን አይሆንም።

ተራ 8፦ ከወረዳችሁ በኋላ

ህመሙ ጠፋ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም። መሬት ላይ ግፊቱ ስለተስተካከለ ነው የተወው። በዛው ሳምንት ታዩ። ከ1 ቀን በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ፊት ካበጠ፣ በዛው ቀን። ሙሌት ከወደቀ ቁራጩን አትዋጡ፣ አፋችሁን በጨው ውሃ ታጠቡና በዛ በኩል ሳታኝኩ ሀኪም ጋ ሂዱ። ሱፐር ግሉ አትለጥፉ! የለጠፈ ሰው ስላለ ነው።

ሰው አዘውትሮ የሚሳሳታቸው

አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ። አሲድ ነው፣ ድዱን አቃጥሎ ነጭ ያደርገዋል፣ ህመሙ ግን እዛው ነው። አስፕሪን የሚሰራው ተውጦ በደም ሲሄድ ነው። ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ መጠቅጠቅም፣ አረቄ ይዞ መቆየትም ያው ነው፣ ቁስል ላይ ቁስል።

"አሞክሲሲሊን ስጠኝ" ማለት። ያበጠ ነርቭ በአንቲባዮቲክ አይድንም፣ የግፊት ህመምንም አያቆምም። መግል ካለም መጀመሪያ መፍሰስ ወይ መታከም አለበት፣ ሀኪም ካዘዘ ትወስዳላችሁ እስከመጨረሻውም ትጨርሳላችሁ፣ ከዛ ውጭ አልሸጥላችሁም።

ዳይክሎፌናክ ተወግቶ ላዩ ላይ አይቡፕሮፊን መዋጥ። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ህመሙን እጥፍ አይቀንሱም፣ ጨጓራውን ግን እጥፍ ይጎዳሉ። አንዱን ምረጡ።

ጥርሱ ትል አለው ብሎ በጭስ ማጠን፣ ወይ ሰፈር ውስጥ በጉጠት ማስነቀል። ስሩ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው ስር ደግሞ ቀጣዩ በረራ ላይ ያማል።

ሻንጣውን ካርጎ ሰጥቶ መድሀኒቱን እዛው ውስጥ መርሳት። ቦሌ ላይ ትራንዚት ስታደርጉ ሻንጣው ከእጃችሁ የለም፣ ስለዚህ ማስታገሻውም ቅርንፉዱም ስፕሬዩም በእጅ ቦርሳ ይሁን። ፈሳሽ ነገር በአለም አቀፍ በረራ ከ100 ሚሊሊትር በላይ አያሳልፉም፣ ስፕሬዩ ከዛ በጣም ያነሰ ስለሆነ ችግር የለውም፣ የጨው ውሃ በጥብጣችሁ በሃይላንድ አትያዙ ግን፣ ጨዉን በወረቀት ቋጥራችሁ ውሃውን ከፍተሻ በኋላ አግኙ።